ፍሬኑን አውልቀው

ኮምቦልቻ መግቢያ፣ ከሐረጎ ግርጌ፣
ቆርቆሮ ቤት አለኝ፤ ሞረድ ነው ማዕረጌ።
ከላይ የሚወርደው የከባድ መኪና
ፍሬኑ ሲግል፣ ሲጨስ፣ ይሸተኛልና፣
ሰዓት አልገዛሁም፤ አፍንጫዬ ያውቃል፣
ስንት ጭነት ወረደ፣ ስንቱ ይጠበቃል።

ሥራዬ ጥርስ መሳል፣ የሞተር መጋዝ ጥርስ፣
ከጦሳ፣ ከአልብኮ፣ ደንዝዞ ሲመለስ።
ፍቅፋቂ ከተፋ ጥርሱ ጤነኛ ነው፤
ዱቄት ከተፋ ግን ሰውየውን ልየው፤
ክንዱ ዝሏል ማለት፣ ወገቡን ይዞታል፣
መጋዙ እምቢ ሲል እሱ ይጫነዋል።

ጦይብ መጣ አንድ ቀን፣ በነጠላ ጫማ፣
ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ሰውን የማይሰማ።
«ጋሼ፣» አለኝ፣ «ሳለው፤ ፍሬኑንም አውልቀው፤
በያዘኝ ቁጥር ነው ዛፉን የምለቀው።»

ዝም አልኩ። በመጀመሪያ ሻማውን ነቀልኩት፤
ሻማ ያለው ብረት ተኝቷል አትበሉት።
ክብ ሞረድ አነሣሁ፣ ለአንድ ጥርስ ሦስት ግፊት፣
መልሶ መሳብ የለም፣ ሁሌም ወደ ፊት፤
አንዱን ሦስት፣ አንዱን አምስት ያለ ለት እጄ፣
እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይጣመማል፣ ልጄ።
ማጣሪያውን ከፈትኩ፤ ሙሉ የባሕር ዛፍ ብናኝ፤
ይኼ ሞተር በምን ይተንፍስ? አሳዘነኝ።

«ዘይቱንስ በስንት?»
«በግምት።»
«ለአምስት ሊትር ቤንዚን
መቶ ሚሊ ዘይት፤
ግምት ለሰርግ ነው፣ ለድንኳን ስፋት።
ሞተሩ እንደጋለ ቤንዚን አትሙላ፤ ትንሽ ተቀመጥ።
ያስተማረኝ አሊጋዝ ይል ነበር፦
ዛፉን ሳትቆርጥ መሸሻህን ቁረጥ።»

«ፍሬኑስ?» አለ ጦይብ።
«ሐረጎን ስትወርድ ፍሬን ታወልቃለህ?»
«ዛፍ መንገድ አይደለም፤ ጋሼ፣ ትቀልዳለህ።»
«የምላሱ ጫፍ ነው፣ ከላይ በኩል ያለው፣
እንጨት ከነካበት እርግጫ ነው፣ በቅሎ ነው፤
ዓይን እስክትጨፍን ግንባር ላይ ይደርሳል፤
ያኔ ከፍሬን በቀር ማን ይመልሰዋል?»
አልኩት። ሒሳብ ጣለ፣ መጋዙን አነሣ፤
«የሚያወልቅ አላጣም ከደሴ፣ ከጦሳ።»

ክረምቱ ወጣ፤ ቦርከና ደፍርሶ ጠራ።
ከማዶ ኮረብታ መጋዝ በጮኸ ቁጥር ሞረዴን አቆማለሁ፤
የማን እንደሆነ ከድምፁ እለያለሁ።
የሱን ሳልሰማው ጥቅምት ገባ።

አንድ ማለዳ መጣ። ቦት ጫማ አድርጓል።
ከከንፈሩ ጥግ እስከ ጆሮው ግርጌ
መስመር ወርዷል፣ ሐምራዊ፣ የስፌቱ ነጥብ እንኳ ያልጠፋ፤
ፈገግ ሲል በአንድ ወገን ነው።
ከኪሱ ፌስታል አወጣ፤ በፌስታሉ ውስጥ ፍሬኑ፣
ከነብሎኑ፣ ከነስፕሪንጉ። አልጣለውም ነበር።
«መልስልኝ፣» አለ።

እንዴት አላልኩትም። የት አላልኩትም።
«ብዬህ ነበር» የሚለው ቃል ጥርሴ ሥር መጣ፤
እዚያው ሞረድኩት።

ሻማውን ነቀልኩ፤ ስፕሪንጉን ወጠርኩ፤ ብሎን አጠበቅሁ፤
ሰንሰለቱን በጣቴ ሳብኩት፤ ይንሸራተታል፣ አይንጠለጠልም።
ሒሳቡን ሲጠይቀኝ የመሳያውን ብቻ አልኩት።

ከደጅ፣ መሬት ላይ አስቀመጠው።
ፍሬኑን ቆለፈ፤ በኋላ እጀታው ቦቱን ከተተ፤ ገመዱን ሳበ፤
ሞተሩ ተነሣ። ፍሬኑን ለቀቀ፣ ሰንሰለቱ ዞረ፤
በእጁ አንጓ ገፋው፦ ቀጥ።
ደግሞ ለቀቀ፤ ደግሞ ገፋ፦ ቀጥ።
ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ከሐረጎ በኩል
ተሳቢ ወረደ፤ የጋለው ሽታ መጣ።
ሁለታችንም ዝም ብለን በአፍንጫችን ሳብነው።